የሙሉአዳም ዛጎሎች

በደንገል ሰፈር ሰው ጠዋት ሲገናኝ ከሰላምታ በፊት «በሉ ወይ?» ይባባላል። የሚጠየቀው ስለ ልጆች አይደለም፣ ስለ ከብትም አይደለም፤ ስለ ዘበኞቹ ነው። በልተው ከሆነ ቦኖው ይከፈታል፣ ሻይ ይፈላል፣ ልጆች ፊታቸውን ታጥበው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ካልበሉ ቦኖው እንደተዘጋ ይውላል። ሰውም ባዶ ጀሪካኑ ላይ ተቀምጦ የውሃ ቦቴ ሲጠብቅና ሐይቁን ሲረግም ይውላል።

ዘበኞቹ እንዲሁ በዓይን የሚታዩ አይደሉም። በዛጎል፣ በሁለት ክዳን ተሸፍኖ ሐይቁ ውስጥ በሚኖረው ትንሽ እንስሳ፣ ደም ውስጥ እየዞሩ ያገኙትን ባዕድ ነገር የሚውጡ ሴሎች ናቸው። ጣና አረንጓዴ የሆነው የዛሬ ሽማግሌዎች ልጆች ሳሉ ነው። ከዚያ ወዲህ አልጌው አንዳንድ ሳምንት ዝም ብሎ ይንሳፈፋል፣ አንዳንድ ሳምንት መርዝ ይተፋል፤ የትኛው ሳምንት የትኛው እንደሆነ ደግሞ በመልኩም በጠረኑም አይታወቅም። የሚያውቁት ውሃውን ቀን ከሌት እየማጉ የሚኖሩት ዛጎሎች ናቸው። ስለዚህ በየቦኖው ሥር አንድ ገንዳ ዛጎል፣ በየገንዳው ራስ አንድ ጠባቂ አለ። ዛጎሉን የሚበላ የለም፤ አያቶቻችንም አልበሉትም። እኛ የምንፈልገው እሱ ራሱ እንዲበላ ነው።

የታችኛው ቦኖ ጠባቂ ፈንታነሽ ናት። ጎሕ ሲቀድ የገንዳዋን ክዳን ታነሳለች፣ መዳፍ የሚያህል ዛጎል ትመርጣለች፣ በሁለቱ ክዳኖቹ መካከል ቀጭን መርፌ አስገብታ አንድ ጠብታ ደም ትቀዳለች። ደሙ ውሃ ይመስላል። መስታወት ላይ ታሳርፈውና ቀይ ቀለም የጠጣ እርሾ ትጨምርበታለች፤ ከዚያ እጇን አጣጥፋ ትጠብቃለች። ማይክሮስኮፑ የሚያየውን ከቦኖው በላይ የተሰቀለው ስክሪን ለተሰለፈው ሰው ሁሉ ያሳያል። ጤነኛ ዘበኛ እርሾውን ይውጥና ሆዱ ቀይ ይሆናል። መርዝ ያደከመው ግን ድቡልቡል ብሎ ባዶ ሆዱን ይቀራል። ከግማሽ በላይ ከበሉ ይከፈታል፣ ካልበሉ ይዘጋል፤ መመሪያው ይኸው ነው። አብዝተው ቢበሉስ? ስለዚያ መመሪያው ምንም አይልም። በዚህ አገር ጥሩ አድርጎ የሚበላን ማን በሽተኛ ይለዋል?

ቦኖው ከተከፈተ በኋላ አንድ ነገር ይቀራል። ጠባቂዋ የመጀመሪያውን ውሃ በመዳፏ ተቀብላ በሰው ሁሉ ፊት ትጠጣለች። ይኸ መመሪያው ውስጥ የለም፤ ጠላም ሆነ ጠጅ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ ራሱ ይቀምስ ከነበረበት ዘመን የቀረ ልማድ ነው። ሳይቀመስ ጀሪካኑን የሚያቀርብ የለም።

ፈንታነሽ ሥራዋን አሳምራ ትሠራ ነበር። ዘበኞቿም ይበሉ ነበር፤ በልክ፣ ከግማሽ ትንሽ አለፍ ብለው፣ እንደ ጨዋ ልጅ። ችግሩ ላይኛው ቦኖ ላይ ሙሉአዳም መኖሯ ነው።

የሙሉአዳም ስክሪን ጠዋት ሲበራ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነበር። ዘበኞቿ አንዱን እርሾ ውጠው ሳይጨርሱ ሌላውን ይጎርሱታል፤ ሆዳቸው ተነፍቶ ቅርጻቸው ይጠፋል። ሰልፈኛው «ይብሉ! ይብሉ!» እያለ ያጨበጭባል። ሙሉአዳምም እየሳቀች እርሾ ትጨምርላቸውና «ጉርሻ ነው» ትላለች። ሠርግ ያለበት ውሃ የሚቀዳው ከእሷ ነው፤ ክርስትና ያለበትም እንዲሁ። አራስ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው በእጁ የላይኛውን ቦኖ ውሃ ይዞ ይሄዳል። በየዓመቱ ለምርጥ ጠባቂ የሚሰጠው ካባም ከእሷ ትከሻ ወርዶ አያውቅም። የታችኛው ሰፈር ሰዎች ሳይቀሩ በፈንታነሽ ቦኖ አጠገብ አንገታቸውን ደፍተው ያልፉና ዳገቱን ይወጣሉ።

ይባስ ብሎ ሙሉአዳም ክፉ ሰው አይደለችም። ክፉ ብትሆን ኖሮ ፈንታነሽ በሰላም በጠላቻት ነበር። መንገድ ላይ ስትገናኝ «እታለም፣ ጉልበትሽን ተሻለሽ?» የምትል፣ የታመመ ጎረቤት ቤት ውሃ ራሷ ተሸክማ የምታደርስ ሴት ናት። ፈንታነሽ ቀናች። ገና ከእንቅልፏ ስትነሳ ጨጓራዋን ያቃጥላታል፤ ስክሪኗ ላይ በልክ የሚበሉትን ዘበኞቿን ስታይ ይብስባታል። «ብሉ እንጂ! ምን አጎደልሁባችሁ?» እያለች ትለማመጣቸው ነበር። እነሱ ግን የሚበቃቸውን በልተው ይተዋሉ።

ባሏ ታረቀኝ አልጌውን ከሐይቁ በሚጠርገው ጀልባ ላይ ይሠራል። እጁ እስከ ክርኑ አረንጓዴ ነው፤ በሳሙናም በሎሚም አይለቅም። ጀልባው የሚቆመው ታች ነው፣ ቤታቸውም ታች ነው፤ ወደ ላይኛው ቦኖ የሚወስደው ምንም ጉዳይ የለውም። አንድ ቀን ግን ከሥራ ሲመለስ ቢጫ ጀሪካን ይዞ ገባ።

«ይኸ ከየት ነው?» አለችው።

«ከላይኛው።»

«የእኔ ቦኖ ተዘግቶ ነበር?»

«አልተዘጋም። በመንገዴ ነው ብየ እንጂ።»

«መንገድህ ከመቼ ወዲህ ነው ዳገት የሆነው?»

ታረቀኝ ከጀሪካኑ በብርጭቆ ቀድቶ ጠጣና ከንፈሩን በአረንጓዴ እጁ ጠረገ። «ይጣፍጣል እኮ» አለ፣ የሚያናድድ ነገር የተናገረ ሳይመስለው።

ባል የሌላ ሴት ቦኖ ውሃ ጠጣ ማለት በደንገል ሰፈር ትንሽ ነገር አይደለም። በዚህ ምክንያት ሽማግሌ የተላከበት ቤት አለ። የጠባቂ ባል ሲሆን ደግሞ ወሬው ከውሃው ቀድሞ ይደርሳል። ታረቀኝ ከጀሪካኑ ሌላ ያደረገው ነገር አልነበረም፤ ይኸን ፈንታነሽም ታውቃለች። ሙሉአዳም ስትቀዳለት ትስቃለች፣ እሱም ይስቃል፣ ከዚያ ተሸክሞ ይመጣል። ለፈንታነሽ ጀሪካኑ ብቻውን ይበቃት ነበር። በየቀኑ ቤቷ ጥግ ላይ ተቀምጦ ያያታል።

አንድ ጠዋት ነገሩን ልታጣራ ቆረጠች። ምስጢሩ ዛጎሎቹ ላይ ነው ወይስ ውሃው ላይ? የሁለቱ ቦኖዎች ቧንቧ ከሐይቁ የሚቀዳው ከተለያየ ቦታ ነው፤ የእሷ ከሰፊው ውሃ፣ የሙሉአዳም ደንገሉ ከበዛበት ጥግ። ከገንዳዋ ጥቂት ዛጎሎች አውጥታ ከጓሮ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ አደረገችና የባሏን ጀሪካን ገለበጠችባቸው።

በሳምንቱ ውስጥ ዘበኞቹ መብላት ጀመሩ። እንዴት ያለ መብላት! ፈንታነሽ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ላይ ማንሳት አቃታት። ልክ እንደ ሙሉአዳም ዘበኞች አንዱን ሳይጨርሱ ሌላውን ይውጣሉ፣ ሆዳቸው ይነፋል፣ መስታወቱ ቀይ ይሆናል። ብቻዋን ሳቀች። ውሃው ነው! ገንዳዋን በሙሉ በዚህ ውሃ ብትሞላው በነጋታው ከላይኛው ቦኖ ጋር እኩል ትሆናለች። ጀሪካኑን አንስታ እስከ ገንዳው ድረስ ሄዳለች። ያቆማት ጥንቃቄ አልነበረም፤ ቅናት ነው። የእኔ ዛጎሎች የእሷን ውሃ ጠጥተው ሊወፍሩ ነው? አለችና ጀሪካኑን መልሳ አስቀመጠችው።

ታረቀኝ በዚያው ሰሞን ምሳውን ማስተረፍ ጀመረ። ሆዴን ይለኛል፣ ቆዳዬን ያሳክከኛል ይላል። የጀልባው ሥራ ነው ብለው ተዉት።

ቀጥሎ ሳፋው ውስጥ ያሉት ዘበኞች መብላት አቆሙ። መጀመሪያ አንዳንዶቹ እርሾውን እንደዋጡ ፈነዱ፤ የቀሩት ድቡልቡል ብለው ዝም አሉ። ብዙም ሳይቆይ ዛጎሎቹ አፋቸውን ከፈቱ። ጤነኛ ዛጎል ሲነኩት ይዘጋል፤ እነዚህ ግን ጣቷን እስክታስገባባቸው ድረስ እንደተከፈቱ ቀሩ። ሽታቸው ጓሮውን ሞላው።

ፈንታነሽ ሳፋው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ብዙ ቆየች። ሌባ የገባበት ቤት ውሻ ሌሊቱን ሙሉ ይጮሃል፤ ጎረቤት ደግሞ ምን ያለ ብርቱ ውሻ ነው ብሎ ያደንቃል። መብላታቸው ጥጋብ አልነበረም። መርዙ ሲገባባቸው የደነገጡ ዘበኞች ያገኙትን ሁሉ እየዋጡ ነው፣ አቅማቸው እስኪያልቅ። የሙሉአዳም ገንዳ ለምን አልሞተም? ለዚህም መልሱ ቀላል ነው። ሙሉአዳም ጎበዝ ጠባቂ ናት፤ ትንሽ የደከመ ዛጎል ስታይ ወዲያው አውጥታ በአዲስ ትቀይረዋለች። የሚሞቱት ሳይሞቱ ይጣላሉ፣ አዲሶቹ ደግሞ ገብተው ይደነግጣሉ።

ቀጥሎ የመጣባት ሐሳብ ግን ከዚህ የከፋ ነበር። እውነት ይኸን አይቻለሁ ወይስ እንዲሆን ስለፈለግሁ ነው? ምቀኛ ሰው የጠላቱ ጓዳ ሲቃጠል ማየት ይወዳል፤ ጭሱን ከሩቅ ያያል። ሳፋውን በአመድ አጥባ ሌሎች ዛጎሎች አስገባች፣ ከጀሪካኑም ውሃ ሞላች። እነዚያም በሉ፣ ጠገቡ፣ ፈነዱ፣ ተከፈቱ። ከዚህ በኋላ የምትጠራጠርበት ምክንያት አልነበራትም።

መጀመሪያ የነገረችው ለባሏ ነው።

«ከዛሬ ጀምሮ የላይኛውን ውሃ እንዳትጠጣ። መርዝ ነው።»

ታረቀኝ ገና ከወንበሩ ሳይነሳ ሳቀ። «ፈንታየ፣ ይኸማ ቅናት ነው።»

«ቅናትም አለ። ውሃውም መርዝ ነው።»

«ዘበኞቹ ከአገር ሁሉ በላይ እየበሉ?»

«ስለሚበሉ ነው የምልህ!»

«ስለበሉ ነው የታመሙት? ተይ እንጂ፣ ሰው ይሰማሻል» አለና ጀሪካኑን ወደ ራሱ አስጠጋ። ያስጠጋበት ሁኔታ ከንግግሩ ይልቅ አናደዳት።

ቦኖዎቹን ለሚያስተዳድረው የውሃ ቢሮ ደወለች። ስልኩን ያነሳው ሰው ትሑት ነበር። «የላይኛው ቦኖ ዘበኞች በልተዋል?» አላት። በልተዋል አለች። «እንግዲያው ችግሩ ምንድን ነው፣ እመቤቴ?» አለ። ከመጠን በላይ መብላታቸው ነው ስትለው የእሷ ቦኖ የትኛው እንደሆነ ጠየቃት። የታችኛው ስትለው «አሃ» አለ። የሁለቱ ነገር ቢሮው ድረስ ተሰምቷል ማለት ነው።

የቀራት ሙሉአዳም ራሷ ናት። ፈንታነሽ ነጠላዋን ተከናንባ ዳገቱን ወጣች። ሰልፉ እንደ ወትሮው ረጅም ነበር፤ ሰዎች ሲያዩዋት እርስ በርስ ተጎሻሸሙ። ሙሉአዳም ገንዳዋ ላይ አጎንብሳ ነበር። ቀና ስትልና ፈንታነሽን ስታይ የመጀመሪያ ሥራዋ የትከሻዋን ነጠላ አውልቃ ገንዳው ላይ ማልበስ ነበር። ሰው የሚያምር ልጁን ከዓይን እንደሚሸፍነው ሸፈነቻቸው።

«አልበላቸውም» አለች ፈንታነሽ።

«ኧረ እኔ ምን አልሁ፣ እታለም። ብርድ ነው ብየ ነው።»

«ሙሉአዳም፣ ስሚኝ። ውሃሽ መርዝ አለው። ዘበኞችሽ የሚበሉት ጤና ስለሆኑ አይደለም፣ ስለደነገጡ ነው። እቤቴ ሞክሬ አይቻለሁ። በልተው በልተው ያልቃሉ።»

ከሰልፉ ኋላ አንዲት ሴት «በስመአብ» አለች። ሙሉአዳም አልተቆጣችም፤ ከመቆጣት የባሰ ነገር አደረገች፣ አዘነችላት። ቧንቧውን ከፈተችና በመዳፏ ቀድታ ጠጣች። ከዚያ ንጹሕ ኩባያ ሞልታ በሁለት እጇ ዘረጋችላት።

«እንኪ፣ እታለም። ዳገት ነው የወጣሽው። ጠጭ።»

ይኸን ኩባያ ለመቀበል ፈንታነሽ አንድ ምክንያት፣ ላለመቀበልም አንድ ምክንያት ነበራት። ሰው ሁሉ ያያል። የቀረበልህን ውሃ አለመቀበል፣ ያውም ሰጪው ከቀመሰው በኋላ፣ በፊቱ ላይ መትፋት ነው። እጇን ዘርግታ ነበር። ከዚያ የሳፋው ሽታ ትዝ አላትና እጇን መለሰች።

«አልጠጣም። አንቺም አትጠጭ፣ እባክሽ።»

«ቅናት እንዲህ ያደርጋል?» አለ ከሰልፉ አንድ ሽማግሌ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ እንደሚናገር ሁሉ። ፈንታነሽ ቁልቁለቱን ስትወርድ ከኋላዋ ሲሳቅ ይሰማታል። ሙሉአዳም ግን አልሳቀችም፤ «ተዉ፣ እህታችን ናት» ስትል ሰማቻት። ይኸ ከሳቁ ይልቅ አመማት።

በዚያ ሳምንት ያሰበችው ሐሳብ የምቀኛ ሐሳብ ነው፤ ከሌላ ሰው ሊመጣ አይችልም ነበር። ሰዎቹን ከላይኛው ቦኖ በእውነት ማስነሳት ካልተቻለ፣ በሚያስቀናቸው ነገር ይመጣሉ። ሳፋው ውስጥ አዲስ ዛጎሎች ጨመረች፤ ከባሏ ጀሪካን ያጠራቀመችውን የላይኛውን ውሃ እያጠጣች ዘበኞቻቸው መደንገጥ እስኪጀምሩ ጠበቀች። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ሰው ሳይመጣ የገንዳዋን ዛጎል ለራሷ ትመረምራለች፤ ውሃዋ ደህና መሆኑን በእሱ ታረጋግጣለች። ሰልፉ ሲሰበሰብ ስክሪኑ ላይ የምታወጣው ግን የሳፋውን ዛጎል ደም ነው፤ የደከሙትንም እንደ ሙሉአዳም በአዲስ ትቀይራለች።

ስክሪኗ ቀላ። መጀመሪያ መንገደኛ ቆሞ አየ። ከዚያ ጎረቤቶቿ ጀሪካናቸውን ይዘው ብቅ አሉ። ብዙም ሳይቆይ «ይብሉ! ይብሉ!» የሚለው ጩኸት ከዳገቱ ሥር መሰማት ጀመረ። ከሚቀጥለው ሠርግ ቤት መጥተው ውሃ ከእሷ ቀዱ። ስለ ካባውም መወራት ተጀመረ፤ ዘንድሮ ወደ ታች ሳይወርድ አይቀርም ተባለ። አንድ ቀን ታረቀኝም ከሥራ ሲመለስ ቢጫውን ጀሪካን በእሷ ቦኖ ሥር አስቀመጠ። ዓይኗን ሳያይ «ያንቺም ይጣፍጣል ለካ» አለ።

ደስ አላት። መዋሸት ምን ያደርጋል፣ በጣም ደስ አላት። ሰውን ከመርዝ ስላዳነች የተደሰተችውን ያህል፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ፣ ዳገቱ ባዶ ስለሆነ ተደሰተች። ሆድ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መያዝ ይችላል፤ የትኛው እንደሚበልጥ መለያ ስክሪን ደግሞ ገና አልተሠራም።

አንድ ረፋድ ላይ፣ ሰልፉ ሲሳሳ፣ ሙሉአዳም ወረደች። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናንባ ራቅ ብላ ቆመች። ከስታለች፣ ፊቷም ገርጥቷል። ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አየችው። ፈንታነሽ ያንን አተያይ ወዲያው አወቀችው፤ ዓመታት የራሷ አተያይ ነበር። ከንፈር ጥብቅ ይላል፣ ዓይን አይጨፈንም፣ እጅ የነጠላውን ጫፍ ይጠመዝዛል።

ሙሉአዳም ቀረብ አለች። «ፈንትየ፣ ምን ትመግቢያቸዋለሽ?» አለች በዝግታ። ኩራቷን ሁሉ ጥላ ነው የጠየቀቻት።

ፈንታነሽ ዞር ብላ አየቻት። ውሸት መናገር አልፈለገችም። «ያንቺን ውሃ» አለቻት።

ሙሉአዳም የተሰደበች መሰላት። ዓይኗ እንባ ሞላ። «ግድ የለም፣ ሳቂብኝ» አለችና ዞራ ሄደች። ፈንታነሽ «ሙሉአዳም! እውነቴን እኮ ነው!» ብላ ተጣራች፤ ይኸም ፌዝ መሰለ። ሙሉአዳም ዳገቱን ስትወጣ ሁለት ጊዜ ቆማ አረፈች።

ከላይኛው ቦኖ ሰው ቢሄድም ሙሉአዳም መክፈቷን አልተወችም። አንድ ሰውም ቢመጣ፣ ማንም ባይመጣም፣ ልማዱ ነውና በየጠዋቱ በመዳፏ ትቀምስ ነበር። ሰው ይመለስ እንደሆነ ብላ ብዙ ጊዜ ትቀምስ ነበር አሉ፣ ሰው እንዲያያት። በመጨረሻ ቦኖው ሥር ወድቃ ተገኘች። ሆስፒታል ሲያደርሷት የዓይኗ ነጭ ቢጫ ሆኗል፤ ጉበቷ ነው አሉ።

ሰፈሩ ምክንያቱን ለማወቅ ሐኪም አልጠበቀም። የፈንታነሽ ዓይን በላቻት ተባለ። ፈንታነሽ አትጠጭ ትል የነበረችው እኮ ለዚህ ነው፣ ሙሉአዳም ዛጎሎቿን ነጠላ ያለበሰቻቸውም ለዚህ ነው፣ ያቺ ለራሷ ዘበኞች ብላ የሙሉአዳምን ጤና ወሰደች። በነጋታው ላይኛው ቦኖ ላይ ተተኪ ጠባቂ ቆመች። ዘበኞቹ እንደ ወትሮው በሉ፤ ስክሪኑ ቀላ፤ ቦኖው ተከፈተ። ሰዎችም ከፈንታነሽ ዓይን ለመራቅ ጀሪካናቸውን ይዘው ዳገቱን መውጣት ጀመሩ። ልጅ ያላቸው እናቶች ቀድመው ሄዱ፣ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ሸፍነው።

ታረቀኝ ሳፋው አጠገብ አገኛት። «እውነቱን ንገሪኝ» አለ። «አንቺ ነሽ?»

«እኔ አይደለሁም። ግን ሰዎቹ እንደገና ወደዚያ ውሃ የሚሄዱት በእኔ ምክንያት ነው።» ሳፋውን አሳየችው። ከሞቱት መካከል አንዱን አንስታ በአረንጓዴ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። «ንካው። ካልተዘጋ እመነኝ።» ታረቀኝ በጣቱ ነካው። እንደገና ነካው። ከዚያ እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

በማግስቱ ጠዋት ፈንታነሽ ሳፋውን ተሸክማ ላይኛው ቦኖ ሄደች። ታረቀኝ ከፊት ከፊት እየሄደ መንገድ ያስለቅቅላት ነበር። ማንም ሊያያት ባይፈልግም ሁሉም አያት። ሳፋውን መሬት ላይ አስቀምጣ ሽፋኑን ገለጠችው። ሽታው ሰልፉን ወደ ኋላ ገፋው።

«እነዚህ በዚህ ቦኖ ውሃ የኖሩ ናቸው» አለች። «በስክሪኔ ላይ ያያችሁት የእነሱን ደም ነው። ያጨበጨባችሁት መርዝ ሲገባባቸው ነው። አታለልኋችሁ። ቦኖዬ ንጹሕ ነው፣ ስክሪኔ ግን ውሸት ነበር። ያደረግሁት እንድትወርዱልኝ ነው፤ ደግሞም ቀንቼ ነው። ሁለቱም ነው። አሁን ዓይኔን ከፈራችሁ ወደ ሌላ ሰፈር ሂዱ፤ ከዚህ ግን አትቅዱ።»

የተናገሯትን ሁሉ እዚህ መጻፍ አያስፈልግም። አታላይ ያሏት አሉ፤ ሳፋውን ሊገለብጥ የሞከረም አለ። ግን ተተኪዋ ጠባቂ ወጣት ናት፤ የመጀመሪያውን ውሃ በመዳፏ ይዛ ወደ አፏ ማድረስ አቃታት። ውሃው በጣቶቿ መሃል ፈሶ አለቀ። ሳይቀመስ ደግሞ ጀሪካን የሚያቀርብ የለም።

ከዚያ ወዲህ መመሪያው ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ተጨምሯል፤ ዘበኞቹ ከልክ በላይ ከበሉም ቦኖው ይዘጋል ይላል። ጠዋት የሚባለውም «በልክ በሉ ወይ?» ሆኗል፤ ሽማግሌዎች ግን ገና አልለመዱትም። የላይኛው ቦኖ ቧንቧ ከደንገሉ ጥግ እስኪነሳ ታሽጓል። ካባው ዘንድሮ ለማንም አልተሰጠም። የፈንታነሽ ጉዳይ ገና በቢሮው እየታየ ነው፤ እስኪወሰን ድረስ የሚተካት ስላልተገኘ ሥራዋን ትቀጥል ተብሏል። ስክሪኗ ላይ ዘበኞቿ ከግማሽ ትንሽ አለፍ ብለው ይበላሉ። ማንም አያጨበጭብላቸውም።

ዛሬ ጠዋት ሰልፉ ካለቀ በኋላ ታረቀኝ መጣ። ፀጉሩን ተቆርጧል፣ ሸሚዙም የታጠበ ነው። ቢጫውን ጀሪካን ይዞ ነበር።

«ለማን ነው?» አለች፣ እያወቀች።

«ለሙሉአዳም። የሆስፒታሉን ውሃ አልጠጣም ብላለች። የፈንታነሽ ካልሆነ አልቀምስም አለች አሉ።»

ፈንታነሽ ጀሪካኑን ተቀበለችው። ሦስት ጊዜ በአመድ አለቀለቀችው፤ የቀድሞው ውሃ ጠረን እስኪጠፋ። ቦኖውን ከፈተች። በዙሪያዋ የሚያያት ሰው አልነበረም፣ ታረቀኝም ወደ መንገዱ እያየ ነበር። ቢሆንም የመጀመሪያውን ውሃ በመዳፏ ተቀብላ ጠጣች። ከዚያ እስከ አፉ ሞላችው።

ታረቀኝ ጀሪካኑን ትከሻው ላይ አደረገና ወደ ሆስፒታሉ የሚወስደውን ዳገት መውጣት ጀመረ። እንዳይፈስበት በአንድ እጁ ክዳኑን ይዞ፣ እግሩን እየመረጠ ይራመድ ነበር። ለገዛ ቤታቸው ውሃ ሲሸከም እንዲህ ተጠንቅቆ አያውቅም። ጨጓራዋ እንደ ድሮው ተቃጠለ።

«ታረቀኝ!» ብላ ጮኸች።

ዞር አለ።

«በመዳፍህ ቅመስላት» አለችው። «ሳትቀምስ እንዳትሰጣት።»